የእግዚአብሔርን ቀጠሮ መጠበቅ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

በክርስቶስ የተወደዳችሁ ምእመናን፤ መንጋን እንዲጠብቅ የተጠራ ሰው ከሚገጥሙት ፈተናዎች አንዱ የጊዜ መዘግየት ነው። የሚሻው ነገር መልካም ሆኖ ሳለ ሰዓቱ ያልደረሰ እንደ ሆነ ምን ያድርግ? ቅዱስ ዳዊት በሳሙኤል እጅ ከተቀባ በኋላ ለብዙ ዘመን በየበረሃው ተሰደደ። በዓይንጋዲ ዋሻ ሳኦልን በእጁ ባገኘው ጊዜ እንኳ የልብሱን ጫፍ ቈርጦ ተወው እንጂ አልገደለውም። መንግሥቱን ከእግዚአብሔር ሊቀበል ወደደ እንጂ ሊነጥቅ አልወደደምና ነው።

እኛም በገዛ ቤተ ክርስቲያናችን ታሪክ ለዚህ ምሳሌ አናጣም። ፍሬምናጦስ በ4ኛው መቶ ዓመት ከታላቁ አትናቴዎስ እጅ ጵጵስናን ተቀብሎ፣ አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን ተብሎ ወደ አክሱም ከተመለሰ ጀምሮ፣ የኢትዮጵያ ጳጳስ ከእስክንድርያ መንበር ሲላክ 1600 ዓመት ያህል ኖረ። በፍትሐ ነገሥት የሚገኘው፣ በኒቅያ ጉባኤ ስም የተጻፈው ቀኖናም ኢትዮጵያውያን ከሊቃውንቶቻቸው መካከል ለራሳቸው ሊቀ ጳጳስ እንዳይሾሙ ይከለክል ነበር። ጳጳሱ ሲያርፍ ሌላው እስኪመጣ ድረስ አገሩ ቄስና ዲያቆን የሚሾም አጥቶ የቈየበት ጊዜም ነበር። አባቶቻችን ግን እጃቸውን አጣጥፈው አልተቀመጡም፤ ዜማውን፣ ቅኔውን፣ የመጻሕፍትን ትርጓሜ እያስተማሩ ለሹመት የሚበቁ ሰዎችን አዘጋጁ። ጠየቁ፤ ተከለከሉ፤ ደግመው ጠየቁ።

በ1921 ዓ.ም. አቡነ ቄርሎስ ለኢትዮጵያ ጳጳስ ሆነው ሲሾሙ፣ አቡነ አብርሃም፣ አቡነ ጴጥሮስ፣ አቡነ ሚካኤልና አቡነ ይስሐቅ ኤጲስ ቆጶሳት ሆኑ። ይሁን እንጂ ሌላ ኤጲስ ቆጶስ የመሾም ሥልጣን አልተሰጣቸውም። ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. አቡነ ጴጥሮስ በአዲስ አበባ በፋሺስት ጥይት ተገደሉ፤ አቡነ ሚካኤልም በጎሬ ሰማዕትነትን ተቀበሉ። የኢትዮጵያ ፓትርያርክ ሲሾም ሁለቱም አላዩም። ሙሴም የተስፋይቱን ምድር ከናባው ተራራ ሆኖ በሩቅ አየ እንጂ አልገባባትም። ዘሪው ሌላ፣ አጫጁ ሌላ ቢሆን መከሩ የአንዱ ጌታ ነው።

በ1930 ዓ.ም. ግን አገራችንን የያዘው የኢጣልያ መንግሥት ቤተ ክርስቲያናችንን ከእስክንድርያ ለይቶ በራሷ ሊቀ ጳጳስ እንድትመራ አደረገ። የብዙ ዘመን ልመና በአንድ ቀን የተፈጸመ መሰለ። ሰጪው ወራሪ ነበርና፣ የእስክንድርያም ሲኖዶስ አውግዞት ነበርና፣ በ1933 ዓ.ም. ጠላት ሲወጣ የሠራው ሥራ አብሮት ፈረሰ። አቡነ ቄርሎስም ከግብፅ ወደ መንበራቸው ተመለሱ።

ልመናውም እንደገና ተጀመረ፤ መልእክተኞች ለዓመታት ተመላለሱ። በሐምሌ ወር 1940 ዓ.ም. ስምምነት ተደርጎ፣ እጨጌ ገብረ ጊዮርጊስ አቡነ ባስልዮስ ተብለው ከሌሎች አራት አባቶች ጋር በካይሮ ተሾሙ። ሆኖም አቡነ ቄርሎስ በሕይወት ሳሉ መንበራቸውን የሚወስድባቸው አልነበረም። ሽማግሌው አባት በጥቅምት 1943 ዓ.ም. እስኪያርፉ ድረስ ተጠበቁ፤ ከዚያም ጥር 6 ቀን አቡነ ባስልዮስ ሊቀ ጳጳስ ሆኑ። ሰኔ 21 ቀን 1951 ዓ.ም. ደግሞ በአቡነ ቄርሎስ 6ኛ እጅ የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ፓትርያርክ ሆነው ተሾሙ።

ምእመናን ሆይ፤ በ1930ና በ1951 ዓ.ም. የተደረጉትን ሁለቱን እናስተያይ። በስም አንድ ናቸው፤ ሁለቱም በራስ አባት መመራት ይባላሉ። አንደኛው ግን በጉልበት መጣ፣ ከአባቶች አንድነት ለየ፣ አራት ዓመትም አልጸና። ሁለተኛው በትዕግሥት መጣ፤ ልጅም እናቷን ሳታሳዝን፣ እናትም ልጇን መርቃ ሰጠች።

እንግዲህ ካህንም ሆንን የሰበካ ሽማግሌ፣ ወይም የቤታችን አባት፣ ጊዜው የዘገየብን ሁሉ ይህን እናስብ። ትዕግሥት እንቅልፍ አይደለም፤ እየጠየቁ፣ እያስተማሩ፣ የሚተካውን እያዘጋጁ መጠበቅ ነው። የቀደመውን አባት ገፍቶ በወንበሩ የሚቀመጥ ሰው፣ ነገ እርሱን የሚገፋውን ያስተምራል። ፍሬውን እኛ ባናይ እንኳ፣ ከእኛ በኋላ የሚመጡት ያዩታል።

የአባቶቻችን አምላክ የትዕግሥትን ልብ ያድለን፤ አሜን። ወስብሐት ለእግዚአብሔር።