ጂኦካሺንግ በገመድ አልባ ጠቋሚ

ጂኦካሺንግ በጂፒኤስ እየተመሩ የተሰወረ ሣጥን የማፈላለግ ጨዋታ ሲሆን፣ ጥንተ ነገሩም የአሜሪካ መንግሥት በሳተላይቶቹ ምልክት ላይ ሆን ብሎ ያኖረውን ማዛቢያ ባነሣ ማግሥት፣ እ.ኤ.አ. ሜይ 3 ቀን 2000፣ ዴቭ ኡልመር የተባለ ሰው በኦሬገን፣ ከቢቨርክሪክ አጠገብ፣ መዝገብና እርሳስ ከአንድ ጣሳ ባቄላ ጋር የያዘ ጥቁር ባልዲ ሰውሮ ሥፍራውን ለሕዝብ ባስታወቀ ጊዜ ነው።

በ2010 ጋርሚን የተባለው ኩባንያ ያወጣው «ቸርፕ» የተሰኘ ጠቋሚ፣ በመዳፍ ውስጥ የሚሰወርና እንደ ሳንቲም ክብ በሆነ ባትሪ የሚሠራ ሆኖ፣ ተስማሚ መቀበያ የያዘ ፈላጊ 10 ሜትር ያህል ሲቀርበው የፍለጋውን ቀጣይ ምዕራፍ መገኛና ፍንጭ ያቀብለዋል፤ የጎብኚዎችንም ቍጥር ይመዘግባል። እንዲህ ያለ መቀበያ የሌለው መንገደኛ ግን አጠገቡ ቢቆም እንኳ አንዳች አይሰማም፤ ይህም፣ በእኛ አስተያየት፣ ዋና ነውሩ ነው።

ሣጥን ፈላጊ ድንጋይ ሲገለብጥ፣ ዕፅዋት ሲረግጥ፣ የአዕዋፍን ጎጆ ሲያውክ ስለሚገኝ፣ የአሜሪካ ብሔራዊ ፓርኮች አገልግሎት ያለ ፈቃድ ሣጥን ማኖርን ይከለክላል። ይህ ጉዳት እንዳይደርስ፣ በተፈጥሮ ጥብቅ ሥፍራ ጠቋሚው ከመሄጃው ዳር ባለ ምሰሶ ቢታሰር፣ እንግዳው ከጥርጊያው ፈቀቅ ሳይል ምሥጢሩን ይቀበላል፤ ባለቤቱም ባትሪውን ቢያንስ በዓመት አንድ ጊዜ ይለውጣል።