ኮርሳና ማውንቴን

ጆሮአችሁን አውሱኝ ወገኖቼ፤ የሁለት ዓይነት ጋላቢዎችን ነገር ላወጋችሁ ነው። ወጉ ካሊፎርኒያ ይደርሳል፣ በፓሪስ በኩል ያልፋል፣ ሩዋንዳን ይረግጣል። የውጭውን ዘመን በእነሱ አቆጣጠር፣ የእኛን በእኛው እጠራዋለሁ። መነሻዬ ግን የአማራ ክልሉ አዊ ነው፤ ኮርቻ የሚከበርበት አገር።

በየዓመቱ ጥር 23 ቀን፣ በጊዮርጊስ ዕለት፣ እንጅባራ በፈረስ ትሞላለች። ከየወረዳው ፈረሰኛው ፈረሱን ሸልሞ ይተማል። የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በ1932 ዓ.ም. ሲመሠረት ዓላማው በዓድዋና በአምስቱ ዓመት ተጋድሎ ከአርበኛው ጋር የዋለውን ፈረስ ማሰብ ነበር። እዚያ ሜዳ ላይ ስግሪያ አለ፤ ፈረሱ እርምጃውን አሳምሮ፣ በላዩ የተቀመጠውን ሳያናውጥ ያልፋል። ጉግስም አለ፤ አንዱ እያባረረ ዱላ ይወረውራል፣ ሌላው እየሸሸ በጋሻው ይመክታል። የመጀመሪያው ለዛ ይፈልጋል፣ ሁለተኛው ድፍረት። ማኅበሩ ግን አንድ ነው፤ ምርቃቱም አንድ።

በብስክሌት ዓለም እንዲህ ያለው ስምምነት ብዙ ዘመን ጠፍቶ ኖረ። እኛ ኮርሳ የምንለው፣ ጎማው የቀጠነ፣ መሪው እንደ በግ ቀንድ ወደ ታች የተቀለበሰ፣ ለአስፋልት የተፈጠረ ነው። ማውንቴን የምንለው ደግሞ ጎማው ወፍራምና ጥርሳም፣ መሪው ቀጥ ያለ፣ በፊት ሹካው ውስጥ ሞላ ያለው፣ ለድንጋይና ለጭቃ የተሠራ ነው። የኮርሳው ሰው ማውንቴኑን ሲያይ፦ “ሥርዓት የሌለው፣ ጭቃ ለባሽ” አለው። የማውንቴኑ ሰው በተራው፦ “ልብሱ የተጣበቀበት፣ እግሩን የተላጨ፣ ከአስፋልት ከወረደ የሚጠፋ” ሲል መለሰለት። መንገድ ላይ ሲተላለፉ ሰላምታ እስከመነፋፈግ ደረሱ።

ጠቡ የት ተጀመረ? እነሆ ስሙኝ። በካሊፎርኒያ ጋሪ ፊሸር የሚባል ወጣት የአስፋልት ተወዳዳሪ ነበር። በ1968 ጸጉርህ ረዝሟል ብለው ከውድድር አገዱት። ልብ በሉ፤ ሰርቆ አይደለም፣ አጭበርብሮም አይደለም፣ በጸጉሩ ነው። እሱና ባልንጀሮቹ በኋላ ከሳን ፍራንሲስኮ በስተሰሜን ካሉት ተራሮች ላይ አሮጌ፣ ከባድ፣ ጎማቸው የወፈረ ብስክሌቶችን እያወጡ ቁልቁል መልቀቅ ያዙ። በ1976 ጥቅምት ላይ ሰዓት ይዘው መወዳደር ጀመሩ። ቁልቁለቱ ከ3 ኪሎ ሜትር ትንሽ ይበልጣል። ፍሬኑ ፔዳሉን ወደ ኋላ በመርገጥ የሚሠራ ነበርና ታች ሲደርሱ በውስጡ ያለው ግሪስ ተቃጥሎ ይጨሳል፤ ለሚቀጥለው ጉዞ እንደገና መሞላት አለበት። በ1977 ከባልንጀሮቹ አንዱ ጆ ብሪዝ ለተራራ ብቻ የታሰበ አዲስ ብስክሌት በእጁ ሠራ። በ1979 ብስክሌት ሠሪው ቶም ሪቺ የሠራቸውን ብስክሌቶች ፊሸርና ባልንጀራው ቻርሊ ኬሊ መሸጥ ጀመሩ። ማውንቴን ወደ ዓለም የወጣው እንዲህ ነው።

ነገሩን ጠለቅ አድርጋችሁ ካያችሁት ሁለቱን የለያየው ልብስ ወይም ጸጉር አይደለም፤ የድካሙ ዓይነት ነው። የአስፋልቱ ጋላቢ ጠላቱ ነፋስ ነው። ከፊቱ ካለው ጓደኛው ጀርባ ከተጠጋ እስከ ሲሶ የሚደርስ ጉልበት ይቆጥባል። ስለዚህ የመንገድ ውድድር የቡድን ሥራ ነው፤ አንዱ ነፋሱን ይከልላል፣ ሌላው ውኃ ያመላልሳል፣ አለቃው እንዲያሸንፍ የራሱን ዕድል የሚሠዋ ብዙ ነው። የተራራው ጋላቢ ጠላቱ ደግሞ መሬት ነው። ሥሩ፣ ድንጋዩ፣ ማጡ በየእርምጃው ይፈትነዋል፤ እዚያ ከኋላ መጠጋት ብዙ አይረዳም። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የተራራ ተወዳዳሪ ካቴናው ቢበጠስ ወይም ጎማው ቢተነፍስ ራሱ ይጠግናል እንጂ ከውጭ እርዳታ አይቀበልም ነበር። አንደኛው መታመንን ይማራል፣ ሁለተኛው ራስን መቻልን። ሁለቱም ታላቅ ትምህርት ነው። መናናቁ የመጣው አንዱ የሌላውን ድካም በእግሩ ሳይሞክር ስለፈረደ ነው።

የአስፋልት ውድድር በኦሊምፒክ መጀመሪያ የታየው በ1896 ነው። ተራራው የገባው መቶ ዓመት ጠብቆ በ1996 አትላንታ ላይ ነው። ግን በሩ አንዴ ከተከፈተ በኋላ ግድግዳውን ያፈረሱት ጋላቢዎቹ ራሳቸው ናቸው። አውስትራሊያዊው ካዴል ኢቫንስ በ1998 እና በ1999 የተራራ የዓለም ዋንጫ አሸናፊ ነበር፤ በ2011 ታላቁን የመንገድ ውድድር ቱር ደ ፍራንስን አሸነፈ። እንግሊዛዊው ቶም ፒድኮክ በቶኪዮ ኦሊምፒክ የተራራ ወርቅ ወሰደ፤ በ2022 የቱር ደ ፍራንሱን ዝነኛ ዐቀበት አልፕ ደዌዝን በድል ወጣ፤ በ2024 ፓሪስ ላይ ጎማው ተንፍሶበት ከኋላ ተነሥቶ ዳግም ወርቅ አጠለቀ። ፈረንሳዊቷ ፖሊን ፌራን-ፕሬቮ በ2014 የመንገድ የዓለም ሻምፒዮን፣ በ2024 የተራራ የኦሊምፒክ ባለወርቅ፣ በ2025 ደግሞ የሴቶች ቱር ደ ፍራንስ አሸናፊ ሆነች። ከዚህ በኋላ “የኮርሳ ሰው ተራራ አይችልም፣ የተራራ ሰው አስፋልት አይችልም” የሚል ማስረጃውን ከየት ያመጣል?

ወደ አገራችን እንመለስ። የኢትዮጵያ ብስክሌት ስሙ በዓለም የተጠራው በአስፋልት ነው። በ1949 ዓ.ም. ሜልቦርን ላይ፣ ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሊምፒክ በተካፈለችበት ዓመት፣ ገረመው ደንቦባ በመንገድ ውድድር 24ኛ ሆኖ ገባ። በ2008 ዓ.ም. የመቀሌው ልጅ ጽጋቡ ግርማይ በቱር ደ ፍራንስ የተሰለፈ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆነ። ክብር ለእነሱ ይሁን።

አሁን ግን የሩዋንዳን ነገር ስሙኝ፤ የወጌ ልብ እዚህ ነው። ያ ከማውንቴን አባቶች አንዱ የሆነው ቶም ሪቺ በ2005 ሩዋንዳ ሄደ። ገበሬዎች በእንጨት ብስክሌት ዕቃ ሲያጓጉዙ አየ። ቡና ከማሳ ወደ መፈልፈያ የሚያደርስ ጠንካራ ብስክሌት ይሠራላቸው ዘንድ አሰበ። በ2006 ውድድር አዘጋጀ፤ በዚያም በ1981 ቱር ደ ፍራንስን የጋለበው የመጀመሪያው አሜሪካዊ ጆናታን ቦየር ተገኘ። የተራራው ሰውና የአስፋልቱ ሰው ተገናኙ፤ የሩዋንዳ ቡድንም ከዚህ ተወለደ። ቡድኑ በ2007 ወደ ደቡብ አፍሪካ ሲሻገር የገባው በአስፋልት ሳይሆን በታላቁ የተራራ ውድድር በኬፕ ኤፒክ ነው።

ከቡድኑ ልጆች አንዱ አድሪየን ኒዮንሹቲ ነበር፤ በ1994ቱ የዘር ፍጅት ወንድሞቹን አጥቶ የተረፈ ልጅ። በ2012 በለንደን ኦሊምፒክ የአገሩን ባንዲራ ይዞ ገብቶ በተራራ ብስክሌት ተወዳደረ፤ በ2016 ሪዮ ላይ በአስፋልት። ደግሞ ይህን አስተውሉ፦ ይህ አድሪየን ከእኛው ከጽጋቡ ጋር በኤም ቲ ኤን ኩቤካ ቡድን አንድ ማልያ ለብሶ ጋልቧል። ከቡድኑ ጅማሬ ሃያ ዓመት ሳይሞላ፣ በመስከረም 2025፣ የዓለም የመንገድ ብስክሌት ሻምፒዮና ለመጀመሪያ ጊዜ በአፍሪካ ምድር፣ በኪጋሊ ዐቀበቶች ላይ ተካሄደ። የጭቃው መንገድ አስፋልቱን ወለደ ማለት ነው።

እንግዲህ ከሩዋንዳ ወደ መነሻዬ ወደ አዊ ልመለስና ስለ አዘና ከተማ ልናገር። ከአዲስ አበባ ባሕር ዳር የሚዘረጋው አስፋልት በእንጅባራና በዳንግላ ያልፋል፤ አዘና ከዚያ መስመር ወጣ ብላ ትገኛለች። እንደ አዘና ባሉ የአዊ ከተሞች ዙሪያ ያለው መንገድ በብዛት ጥርጊያና ጠጠር ነው፤ ዐቀበቱና ቁልቁለቱ ከበቂ በላይ ነው፤ ክረምቱም ከባድ ነው። ለእንዲህ ዓይነት አገር ልጅ “መጀመሪያ ኮርሳ ግዛ፣ አስፋልት ፈልግ” ማለት በሩን መዝጋት ነው። በዋናው መንገድ ላይ ደግሞ አይሱዙና አውቶቡስ ጎኑን ታክከው ሲያልፉ ለጀማሪ ልጅ ሕይወት ያሰጋል። የገጠሩ ጥርጊያ መንገድ ከዚያ ይጠብቀዋል፤ ሚዛን፣ ጉልበትና ድፍረትም በነፃ ያስተምረዋል። ፍጥነቱንና የቡድን ሥርዓቱን በኋላ አስፋልቱ ይጨምርለታል።

ሁለቱም ጋላቢዎች ግን ግዴታ አለባቸው። የማውንቴኑ ጋላቢ የሚሄድበት መንገድ ሴቶች ውኃ የሚቀዱበት፣ ከብት የሚነዳበት ነው፤ ለሰውም ለከብትም ቅድሚያ መስጠት አለበት። በዝናብ ማግሥት በራሰ ተዳፋት ላይ ጎማ የሚያወጣው ቦይ ጎርፍ ይጠራልና ያኔ ይታቀብ። የኮርሳው ጋላቢ ደግሞ ከመንገዱ ዳር ያለውን ጀማሪ በመናቅ ፋንታ ከጀርባው አስጠግቶ ነፋስ ይከልልለት።

ፍርዴ ይህ ነው፤ የሁለቱ ጠብ ለእኛ የማይገባ፣ አቅማችንን የሚከፍል የቅንጦት ጠብ ነው። ለኢትዮጵያ ብስክሌት ፌዴሬሽን፣ ለአማራ ክልል ስፖርት ኃላፊዎች፣ ለአዊ ዞን አስተዳደርም የምለው አለኝ። ለሕፃናት የሚሆን የተራራ ውድድር በአዊ ጀምሩ፤ ውድ ሜዳ አይፈልግም፣ መንገዱ ተሠርቶ ተቀምጧል። በአንድ ቀን ጠዋት ጥርጊያውን፣ ከሰዓት አስፋልቱን አወዳድሩ፤ ሽልማቱም እኩል ይሁን። አንተም አንቺም፣ ኮርሳ ያላችሁ ማውንቴንም ያላችሁ፣ ነገ መንገድ ላይ ስትገናኙ ሰላም ተባባሉ፤ አንዳችሁ የሌላውን ብስክሌት ተውሳችሁ አንድ ዐቀበት ውጡ። ከዚያ በኋላ መናናቅ አይቀናችሁም።