ከዴስክ ሥር የሚነበበው መጽሐፍ
ካምፓላና የፍቅር ልብ ወለድ

በሰኔ ወር 1962 በካምፓላ፣ ማኬሬሬ ኮረብታ ላይ፣ በእንግሊዝኛ የሚጽፉ አፍሪካውያን ደራሲያን ጉባኤ ተቀመጡ። (በዚህ ጽሑፍ የዘመኑ ቁጥር ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።) ከናይጄሪያ ቺኑዋ አቼቤና ዎሌ ሾይንካ፣ ከኬንያ ግሬስ ኦጎት፣ ከደቡብ አፍሪካ ሕዝቅኤል ምፓሌሌ ተገኝተው ነበር። በዚያን ጊዜ ጄምስ ይባል የነበረው ንጉጊ ዋ ቲዮንጎ ደግሞ የዚያው የማኬሬሬ ኮሌጅ ተማሪ ሲሆን፣ ገና ያልታተመውን የልብ ወለድ ረቂቁን ለአቼቤ ያሳየው በዚህ አጋጣሚ ነው። ጉባኤውን ያከራከረው ዋና ጉዳይ የአፍሪካ ሥነ ጽሑፍ ማለት ምን ማለት እንደሆነና በየትኛው ቋንቋ መጻፍ እንዳለበት ነበር። ኡጋንዳ ነፃነቷን ልትቀዳጅ የቀራት አራት ወር ብቻ ስለነበር እንዲህ ያለ ጥያቄ መነሣቱ አያስደንቅም።

ነገር ግን ስለዚህ ጉባኤ ብዙ የተጻፈውን ያህል፣ ከኮረብታው በታች ያለው ሰው ምን ያነብ እንደነበር እምብዛም አልተጻፈም። የቢሮ ጸሐፊዋ፣ ነርሷ፣ በተለይም የአዳሪ ትምህርት ቤት ልጃገረድ በእጇ የያዘችው የአቼቤን መጽሐፍ ብቻ አልነበረም። መምህሯ ፊቱን ሲያዞር ከዴስክ ሥር ብቅ የሚለው በስስ ሽፋን የተጠረዘ፣ በላዩም ረጅም ወንድና ፀጉሯ የተበተነ ሴት የተሣሉበት የእንግሊዝ የፍቅር ልብ ወለድ ነበር። በኡጋንዳ የልጃገረዶች ትምህርት ቤቶች ያደጉ ብዙ ሴቶች «ሚልስ ኤንድ ቡን» የሚለውን ስም ሲሰሙ ፈገግ ይላሉ፤ ፈገግታው ግን ትንሽ እፍረት የተቀላቀለበት ነው።

ይህ ማተሚያ ቤት በ1908 በለንደን በጀራልድ ሚልስና በቻርልስ ቡን ሲቋቋም የፍቅር ታሪክ ብቻ የሚያትም አልነበረም። የጃክ ለንደንን ሥራዎችና የትምህርት መጻሕፍትን ሳይቀር ያሳትም ነበር። ፊቱን ወደ ፍቅር ልብ ወለድ ያዞረው በ1930ዎቹ ነው። በዚያ የኢኮኖሚ ድቀት ዘመን መጽሐፍ ለመግዛት አቅም ያጣ ብዙ ሰው በጥቂት ሳንቲም ተከራይቶ ያነብ ስለነበር፣ ገበያው የነበረው በነዚህ መጽሐፍ አከራይ ቤቶች ዘንድ ነው። በ1971 ሃርለኩዊን ከሚባለው የካናዳ ማተሚያ ቤት ጋር ከተዋሐደ በኋላ ንግዱ ከቀድሞው እጅግ ሰፋ። ልብ ሊባል የሚገባው ነገር፣ እንዲህ ያለው መጽሐፍ የተስፋፋው ሥራ አጥነትና ችግር በበረታበት ዘመን መሆኑ ነው።

የታሪኩ አካሄድ የታወቀ ነው። አንዲት ድሀ ግን ኩሩ ልጃገረድ አለች፤ አንድ ባለጸጋና ኮስታራ ሰው፣ አብዛኛውን ጊዜ ሐኪም ወይም ባለርስት፣ ያጋጥማታል፤ ይጣላሉ፤ በመጨረሻ ይጋባሉ። አንባቢዋ ገና ከገጽ አንድ ጀምሮ መጨረሻውን ታውቃለች። ታዲያ ለምን ታነበዋለች ቢባል፣ እኔ እንደሚመስለኝ መጨረሻውን ስለምታውቅ ነው። ነገ ምን እንደሚመጣ በማይታወቅበት ኑሮ ውስጥ ፍጻሜው አስቀድሞ የታወቀ ነገር ዕረፍት ይሰጣል። እኛም በልጅነታችን አያቶቻችንን ያንኑ የምናውቀውን ተረት ድገሙልን እያልን እናስቸግራቸው ነበር።

ምሁራኑ ግን በዚህ አልተደሰቱም። በ1965 ታባን ሎ ሊዮንግ ምሥራቅ አፍሪካ በሥነ ጽሑፍ ረገድ መካን ሆናለች ሲል ጽፎ ብዙ ሰው አስቆጣ። በዓመቱ፣ በ1966፣ ኡጋንዳዊው ኦኮት ፒቢቴክ በናይሮቢ ያሳተመው የላዊኖ መዝሙር የክርክሩን መልክ ለወጠው። አስቀድሞ በአቾሊ ቋንቋ በገጠመው በዚህ ረጅም ግጥም ላይ፣ ላዊኖ የተባለች የገጠር ሴት ባሏ ኦቾል ንቋት ክሌመንታይን የምትባለውን ዘመናይ ሴት በመውደዱ ታማርራለች። የተፎካካሪዋን የከንፈር ቀለምና የፊት ዱቄት ስታፌዝበት አንባቢን ታስቃለች፤ ባሏም በመጽሐፍ ብዛት ሰውነቱን እንዳጣ ትናገራለች። ኦኮት የፍቅር ልብ ወለዶቹን በስም ጠርቶ አልነቀፈም። ሆኖም የክሌመንታይን ቀለምና ዱቄት በነዚያ መጻሕፍት ሽፋን ላይ ከተሣለችው ሴት የራቀ አይደለም። በነዚህ ልብ ወለዶች ውስጥ አፍሪካ ስትገኝ ብዙ ጊዜ የነጮች ፍቅር ጀርባ ሥዕል ብቻ ናት፤ አፍሪካዊውም ሻይ አቅራቢ ነው። ይህ ነቀፋ ትክክለኛ ነው፤ ልናልፈውም አይገባም።

ከዚያ በኋላ ክፉ ዘመን መጣ። በጥር 1971 ኢዲ አሚን ሥልጣን ያዘ። በነሐሴ 1972 እስያውያን በ90 ቀን ውስጥ አገሪቱን ለቀው እንዲወጡ አወጀ። ከአገሪቱ ንግድ ትልቁ ክፍል በነሱ እጅ ስለነበር የካምፓላ ሱቆች መደርደሪያ ተራቆተ፤ ከውጭ የሚመጣው ዕቃ ሲቀንስ መጽሐፉም አብሮ ቀነሰ። በዚያው ዓመት አጭር ቀሚስ መልበስ በአዋጅ ተከለከለ። ራጃት ኒዮጊ በ1961 በካምፓላ የመሠረተው ትራንዚሽን የተባለው ታላቅ መጽሔት ባለቤቱ በ1968 በኦቦቴ መንግሥት ከታሰረ በኋላ ወደ ጋና ሄዷል፤ ደራሲያኑም ብዙዎቹ ተሰደዋል። የሴት ልጅ ቀሚስ ርዝመት በወታደር በሚለካበት ከተማ፣ አንዲት ልጃገረድ ያማረ ልብስ ለብሳ፣ በነፃነት ወጥታ፣ የወደደችውን ስለምታገባበት ዓለም ብታነብ ጊዜዋን አባከነች ለማለት እኔ አልደፍርም።

ጎረቤት ናይሮቢ በበኩሏ የራሷን የገበያ መጽሐፍ ማውጣት ጀምራ ነበር። ቻርልስ ማንጓ በ1971፣ ዴቪድ ማይሉ ደግሞ ከ1973 ጀምሮ ያወጧቸው የከተማ ታሪኮች በብዛት ተነበቡ። የማይሉን መጻሕፍት ታንዛኒያ በ1976 ከልክላቸዋለች። እነዚህ ግን ከፍቅር ይልቅ መጠጥና ቡና ቤት ይበዛባቸዋል፤ የተጻፉትም በወንድ ዓይን ነው። በ1977 ማክሚላን የጀመራቸው ፔስሴተርስ የተባሉት ትናንሽ ልብ ወለዶች ለወጣቶች የተሻሉ ነበሩ፤ ፍቅረኞቹ አፍሪካውያን፣ ከተማውም የአፍሪካ ከተማ ነው። ኡጋንዳውያን ሴቶች በራሳቸው ድምፅ ለመጻፍና ለማሳተም ፌምራይት የተባለውን ማኅበር በካምፓላ ያቋቋሙት በ1996 ነው። ከመሥራቾቹ ዋናዋ ሜሪ ካሮሮ ኦኩሩት በማኬሬሬ የሥነ ጽሑፍ መምህርት ነበሩ። እንግዲህ ከጉባኤው እስከዚህ ድረስ 34 ዓመት አልፏል።

በማሠልጠኛችን ዕጩ መምህራን ለልምምድ ትምህርት ወጥተው ሲመለሱ ደጋግመው የሚያነሡት ጥያቄ አለ። ተማሪዋ በትምህርት ሰዓት የፍቅር ልብ ወለድ ስታነብ ብትገኝ ምን ይደረግ? መጽሐፉን መቀማት ቀላል ነው፤ በትምህርት ሰዓትም ተገቢ ሊሆን ይችላል። ከደወሉ በኋላ ግን መልሶ ሰጥቶ፣ ታሪኩን በራሷ ቃል እንድታወራ መጠየቅ ይበልጣል። ባለታሪኳ ገንዘቡን ከየት አመጣችው? ቤቱን የሚጠርገው ማነው? ስሙስ ለምን አልተጠቀሰም? ብሎ ማነጋገር ይቻላል። ሁለት መቶ ገጽ ማንም ሳያስገድዳት የጨረሰች ተማሪ ለቋንቋ መምህር በረከት ናት።

ለዚህ ከካምፓላ ይልቅ የሚቀርበን ምሳሌ በአገራችን አለ። አሜሪካዊቷ ማርጋሬት ሚቸል በ1936 ያሳተመችው ታዋቂ ልብ ወለድ ቆንጆ ቀሚስ፣ ጭፈራ፣ እልኸኛ ሴትና ደፋር ወንድ የሞላበት ነው። ከዚህም ጋር ስለ ባርነት የሚነግረን ውሸት ነው፤ ባሪያ አሳዳሪዎቹን እንደ ደጋግ ጌቶች፣ ባሮቹንም በዕጣቸው እንደረኩ ሰዎች አድርጎ ያቀርባቸዋል። በደርግ ዘመን የታሰረው ገጣሚ ነቢይ መኮንን ይህንኑ መጽሐፍ እስር ቤት ውስጥ ወደ አማርኛ መለሰው። ወረቀት ስላልነበረ የጻፈው በሲጋራ ፓኮ ውስጥ በሚገኘው ብርማ ወረቀት ላይ ነው፤ ቁርጥራጩም ወደ 3,000 ይደርስ ነበር። የተጻፈው በድብቅ ጥቂት በጥቂቱ ከእስር ቤቱ እንዲወጣ ተደረገ። እነዚያ እስረኞች በአትላንታ ዙሪያ ስላለ የጥጥ እርሻ ጌቶች የሚጨነቁበት አንዳች ምክንያት አልነበራቸውም። ከታሪኩ ውስጥ የነሱ የሆነው፣ ጦርነት ቤቷን ያጠፋባትና በረሀብ የወደቀች ሴት እንደገና የምትነሣበት ክፍል ሳይሆን አይቀርም። ነቢይ ከእስር ከተፈታ በኋላ ትርጉሙ «ነገም ሌላ ቀን ነው» በሚል ርእስ ታትሞ ወጣ።