ከቀሃ ማዶ የነበረው ጎንደር

ጥምቀት ሲቃረብ ስለ ጎንደር የሚጻፈው ይበዛል። የፋሲል ግንብ፣ የእቴጌ ምንትዋብ ቁስቋምና የደብረ ብርሃን ሥላሴ ጣሪያ ላይ የተሣሉት መላእክት በየዓመቱ ይነሣሉ፤ መነሣታቸውም ተገቢ ነው። የዛሬው ጽሑፍ ግን ከግንቡ ቁልቁል ይወርዳል። በአንድ ከተማ፣ በአንድ ቋንቋ፣ በአንድ ገበያ ይኖሩ የነበሩ ጎንደሬዎች የዕለት ኑሯቸው ለምን ተለያየ?

ጥያቄው ለዛሬ አንባቢም እንግዳ አይደለም። አንዱ ልጅ ቶሮንቶ፣ ሌላው ዋሽንግተን የሚኖርበት ቤተሰብ በከተማችን ጥቂት አይደለም፤ ስልክ ሲደወልም ንጽጽሩ አይቀርም። ካናዳ ያለው ታሞ ሆስፒታል ቢተኛ የሐኪምና የአልጋ ሒሳብ አይጠየቅም። አሜሪካ ያለው የጤና መድኑ ብዙ ጊዜ ከሥራው ጋር የተያያዘ ስለሆነ፣ ሥራ ሲለቅ ስለ ሕክምናውም መጨነቅ አለበት። አንዱ ሙቀቱን በሴልሺየስ፣ ሌላው በፋራናይት ይለካል። እንግዳ ሰው ካናዳውያንንና አሜሪካውያንን ቢያይ አንድ ሕዝብ ይመስሉታል፤ ልዩነታቸውም ከዘር የመጣ አይደለም። የአሜሪካ አብዮት ሲያበቃ ለእንግሊዝ ንጉሥ ታማኝ የነበሩ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ወደ ሰሜን ተሰደዱ፤ ከዚያ ወዲህ የወጡ ሕጎች ኑሮውን እያራራቁት ሄዱ። ሳስካችዋን የተባለው የካናዳ ግዛት በ1962 የጀመረው የሕክምና መድን ወደ መላው አገር ባይዛመት ኖሮ፣ የዛሬው የስልክ ጨዋታ ግማሹ ባልኖረ ነበር።

ጎንደርም እንዲህ ያለ ሕግ ነበራት። የወጣው በ1668 ነው (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)።

መነሻው ይታወቃል። ዐፄ ሱስንዮስ የካቶሊክን እምነት መቀበላቸው አገሩን በደም አጥቦ በ1632 ተሻረ፤ ልጃቸው ፋሲለደስ ኢየሱሳውያን የተባሉትን የካቶሊክ ሚስዮናውያን አባረሩ፣ ጎንደርንም በ1636 ገደማ መናገሻቸው አደረጉ። ፋሲለደስ ከውጭ ሰው ሁሉ የሸሹ አልነበሩም። ከየመን ኢማም ጋር ተጻጽፈዋል፤ በ1648 አል ሐይሚ የተባለውን የኢማሙን መልእክተኛ በጎንደር ተቀብለዋል። የፈሩት ከባሕር ማዶ የሚመጣን ሌላ ክርስትና ነበር። በ1667 ዙፋኑን የወረሱት ልጃቸው ዮሐንስ ግን በጾምና በጸሎት የተጉ፣ ለካህናቱ ቃል የቀረቡ ሰው ነበሩ፤ ታሪክ የሚያውቃቸው ጻድቁ ዮሐንስ ብሎ ነው። በነገሡ በዓመቱ ጉባኤ ተጠራ።

ዜና መዋዕላቸው የጉባኤውን ውሳኔ እንዲህ ይነግረናል። ፈረንጆች ተዋሕዶን ከተቀበሉ ይቀመጡ፤ ካልተቀበሉ ወደ አገራቸው ይሂዱ። ሙስሊሞች ከክርስቲያን ጋር ተቀላቅለው አይኑሩ፤ ለብቻቸው መንደር ይዘው ይቀመጡ። ዜና መዋዕሉ ካይላ የሚላቸው ቤተ እስራኤልም እንዲሁ ይለዩ።

ክርክሩ የሚነሣው እዚህ ላይ ነው። አንዱ ወገን የጎንደር ሰፈሮች በዚህ አዋጅ እንደ ተፈጠሩ ያምናል፤ ንጉሡ አወጁ፣ ሕዝቡ ዕቃውን ተሸክሞ ወረደ፣ አዲስ ዓለም የሚባለው የሙስሊም ሰፈር ተቆረቆረ። ሌላው ወገን ሙስሊሙ ነጋዴ አስቀድሞም ከቀሃ ወንዝ አጠገብ ይሰፍር እንደ ነበርና አዋጁ የነበረውን እንዳጸናው ይናገራል። እኔ ወደ ሁለተኛው አደላለሁ፤ የማደላውም በአንድ ነገር ምክንያት ነው። በ1678 ሌላ ጉባኤ ተጠርቶ ያው ትእዛዝ እንደ ገና ታወጀ። የተፈጸመ ትእዛዝ በዐሥር ዓመቱ አይደገምም። በእነዚያ ዐሥር ዓመታት ሰው ከጎረቤቱ ጋር እሳት ሲጫጫር፣ ዕቃ ሲዋዋስ፣ ብድር ሲበዳደር ኖሯል ማለት ነው። የቤተ መንግሥት ቃል ከግንቡ ወጥቶ እስከ ወንዙ ዳር ለመድረስ ዓመታት ፈጀበት።

መለያየቱ ከጸና በኋላም ቢሆን ከተማዋ ያለ ወንዝ ማዶዎቹ አልቆመችም። ለዚህ ከሁሉ የሚያስደንቀኝ ምስክር ሐጂ አሊ ነው። ዐፄ ኢያሱ ቀዳማዊ፣ አዋጁን ያወጁት የዮሐንስ ልጅ፣ በታመሙ ጊዜ ሐኪም እንዲፈልግላቸው ወደ ካይሮ የላኩት ይህን ሙስሊም ነው። ሐጂ አሊ በ1698 ሻርል ዣክ ፖንሴ የተባለ ፈረንሳዊ ሐኪም አገኘ፤ ፖንሴ መጀመሪያ ያከመው ራሱን ሐጂ አሊን ነበር። በሱዳን በረሃ አብረው መጡ። ከሐኪሙ ጋር እንደ አሽከር ሆኖ የሚጓዝ ሰውም ነበር፤ እውነተኛ ማንነቱ ኢየሱሳዊ ቄስ ነው፣ ስሙም ብሬቭዳን። አዋጁ ፈረንጅ ካህን ወደ ጎንደር እንዳይገባ ስለ ከለከለ መደበቅ ነበረበት፤ ግን በሐምሌ 1699 ጎንደር ሳይደርስ በመንገድ ሞተ። የተፈራው ፈረንጅ በሙስሊም መሪነት ወደ ክርስቲያኑ ንጉሥ እልፍኝ እየተጓዘ ነበር ማለት ነው። ይህን የሚያነብ ሰው የ1668ን አዋጅ እንደ ደረቅ ግድግዳ ሊያየው አይችልም።

ፖንሴ ንጉሡን አክሞ እስከ 1700 ግንቦት በጎንደር ቆየ፤ ያየውንም ጻፈ። ሙስሊሞቹ ከከተማው በታች ለብቻቸው ሰፍረው አገኛቸው። ክርስቲያኑ ሙስሊም ያረደውን ሥጋ አይበላም፤ ሙስሊም የጠጣበትንም ዕቃ መነኩሴ ጸልዮ እፍ ካላለበት አይጠጣበትም ይላል። ፓሪስ ሲመለስ ብዙዎች ውሸታም አሉት። ከሰባ ዓመት በኋላ በዚያው ከተማ የተቀመጠው ስኮትላንዳዊ ጄምስ ብሩስ ግን ቆመለት።

ብሩስ ራሱ በየካቲት 1770 ጎንደር ሲገባ መጀመሪያ ያረፈው ከሙስሊሞቹ ሰፈር ነው። የአገሩ ሥልጣን በእጃቸው የነበረው ራስ ሚካኤል ስሑል በዘመቻ ላይ ስለ ነበሩ፣ ፈረንጅ የሚጠሉ ካህናት እንዳይነኩት በማሰብ ወዳጆቹ መከሩት፤ ጥሩ ቤትም ተሰጠው። ስለ ከተማይቱ ሲጽፍ ጎንደር በሰላም ጊዜ ዐሥር ሺህ ያህል ቤተሰብ እንዳላት፣ ከቀሃ ማዶ ደግሞ አንድ ሺህ ያህል ቤት ያለው የሙስሊም ከተማ እንደ ነበረ ይነግረናል። ሰዎቹን ሥራ ወዳድና ትጉ ይላቸዋል። ከእነሱ ብዙዎቹ የንጉሡንና የመኳንንቱን ጓዝ የሚይዙ ናቸው፤ ድንኳን ሲተክሉና ሲነቅሉ ፍጥነታቸው ያስደንቃል፣ በቅሎ ይጭናሉ፣ ይነዳሉ፣ በአለቃ ተደራጅተው ሠራዊቱን ይከተላሉ፤ ከየትኛውም ወገን ሆነው ግን አይዋጉም። ንጉሠ ነገሥቱ በዘመቻ የሚያድርበትን ድንኳን የሚተክለው እጅ፣ በከተማ አብሮ እንዳይኖር የታወጀበት ጎረቤት እጅ ነበር።

ከዚህ ተነሥቶ የሰውን ቀን ማየት ይቻላል። ደጋው ላይ ያለው ክርስቲያን ማተብ አስሮ፣ ረቡዕና ዓርብ ጾሞ፣ እርሻውን ወይም ጌታውን ወይም ደብሩን ሲያገለግል ይውላል። ጠላና ጠጅ ይጠጣል፤ ቡና ግን እስከ 19ኛው መቶ ዓመት መገባደጃ ድረስ የሙስሊም መጠጥ ነው እየተባለ ይርቀዋል። ወንዝ ዳር ያለው ሙስሊም ቡናውን ያፈላል፤ በድግሱ ብርዝና ቀሪቦ ይቀርባል፤ ወይ ከሸማ መሥሪያው ጉድጓድ ገብቶ ይሸምናል፣ ወይ ከሲራራ ጋር ወደ ምጽዋ፣ ወደ ስናር፣ ወደ እናርያ ይወጣል። ወርቁ፣ ዝባዱ፣ አሞሌው በእጁ ያልፋል፤ ባሪያ ንግዱም እንዲሁ፣ ይህም ሊሸፈን የማይገባ ነው። የነጋዴዎች ሁሉ አለቃ የሆነው ነጋድራስ በብዙ ጊዜ ከዚሁ ሰፈር ይሾም ነበር።

ቤተ እስራኤሉ ደግሞ ማረሻና ማጭድ ይቀጠቅጣል፤ ሚስቱ ሸክላ ትሠራለች። በጎንደር ዘመን ከእነሱ መካከል በግንበኝነትና በአናጺነት ቤተ መንግሥቱን ያገለገሉ፣ ማዕረግም ያገኙ ነበሩ፤ ጄምስ ኪሪን የተባለው የታሪክ ሰው ይህን በሚገባ አሳይቷል። ቅዳሜ እሳት አይነድም፣ ገበያም አይወጣም። ከሰፈራቸው ውጭ ካለ ሰው ጋር የተነካካ ወንዝ ወርዶ ሳይታጠብ ወደ ቤቱ አይገባም፤ ሴቷም በወር አበባዋ ጊዜ ለብቻዋ ጎጆ ትቀመጣለች። ስለዚህ መለያየቱ ከላይ ብቻ የወረደ አልነበረም፤ እነሱም ንጽሕናቸውን ከጎረቤት ይጠብቁ ነበር። ያ ግን በላያቸው የደረሰውን በደል አያቀልለውም። ማረሻውን የገዛው ገበሬ ማታ ልጁ ሲታመምበት ቀጥቃጩን በቡዳነት ይከስሰው ነበር።

ማዕዱና ልብሱ ለዓይን ስለሚቀርብ ጸሐፊ ሁሉ እሱን ያወራል። ኑሯቸውን ከሥሩ የለየው ግን መሬት ነው። በሰሜኑ ደጋ ርስት ያለው ሰው ምንም ድሃ ቢሆን ሥር አለው፤ ያርሳል፣ ያወርሳል፣ በዳኛ ፊት ይቆማል። ሙስሊሙ በአብዛኛው ርስት አልነበረውም። ቤተ እስራኤልም ርስታቸውን በ15ኛው መቶ ዓመት በዐፄ ይስሐቅ ጊዜ እንደ ተነጠቁ በትውፊት ይነገራል። መሬት የሌለው ሰው በእጁ ጥበብ ወይም በእግሩ መንገድ ይኖራል። ሽመናው፣ ንግዱ፣ ብረቱ፣ ሸክላው የሃይማኖት ጠባይ እየተባለ ሲነገር ይቆጨኛል። አያቶቻቸው ማረስ ቢፈቀድላቸው ኖሮ ስንቱ ነጋዴ ገበሬ በሆነ! የጻድቁ ዮሐንስ አዋጅ የት እንደሚተኙ ወሰነ፤ ምን በልተው እንደሚያድሩ የወሰነው ግን የርስት ሥርዓት ነው።

የ19ኛው መቶ ዓመት ነገር በፍጥነት ያልፋል፤ በአብዛኛው የጥፋት ታሪክ ነውና። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1864 እና በ1866 ጎንደርን ዘረፉ፣ አብያተ ክርስቲያናቱንም አቃጠሉ። ከ1878ቱ የቦሩ ሜዳ ጉባኤ በኋላ ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ ሙስሊሞች እንዲጠመቁ ሲያዝዙ፣ ብዙ ሰው እምነቱን ይዞ ወደ መተማና ወደ ሱዳን ተሰደደ። በጥር 1888 የደርቡሽ ጦር ንጉሥ ተክለ ሃይማኖትን በሳር ውሃ ድል አድርጎ ጎንደር ገባና የቀረውን አነደደ። ደብረ ብርሃን ሥላሴ ተረፈች። ስለዚያ ዘመን ሙስሊሞች አብዱሰመድ ሐጂ አሕመድ የጻፈውን ላላነበበ ጎንደሬ ማንበቡን እመክራለሁ፤ ሸማኔውን፣ ነጋዴውንና ዓሊሙን ያገኛል። ሰሎሞን ጌታሁን ስለ ከተማዋ የጻፈውም ከጎኑ ሊቀመጥ ይገባል።

የርስቱን አጥር ያፈረሰው የ1975ቱ የገጠር መሬት አዋጅ ነው። ከዚያ በፊት በ1974 መጨረሻ የሙስሊሙ በዓላት የአገር በዓል ሆነው ታውቀዋል። ሦስት መቶ ዓመት የቆየ ልዩነት በወራት ውስጥ በወረቀት ተሻረ፤ ቤተ እስራኤሉ ግን ብዙም ሳይቆዩ ከ1984 እስከ 1991 ባሉት ዓመታት በሱዳንና በአዲስ አበባ በኩል ወደ እስራኤል ሄዱ። በደባርቅ መንገድ ያለችው ወለቃ ያለ እነሱ ቀረች፤ ሸክላው ግን አሁንም በመንገዱ ዳር ለጎብኚ ይሸጣል።

አዲስ ዓለም ዛሬ ከከተማዋ ሰፈሮች አንዱ ነው። ድግስ ሲኖር ለሙስሊም እንግዳ የሙስሊም እጅ ያርዳል፤ ድስቱም ማብሰያውም ይለያል፤ ደጋሹ ክርስቲያን ይህን የሚያደርገው ጎረቤቱን አክብሮ እንጂ ለመለየት አይደለም። ሽሮውና ምስሩ የሁሉም ነው። ቡናውም ከማንም ቤት አይጠፋም።

ሆኖም በሚያዝያ 2022 በአንድ ታላቅ ሸኽ ቀብር ላይ የተነሣው ጥቃት የብዙ ሰው ሕይወት ቀጠፈ፤ ቤትና ንብረትም ወደመ። መቃብሩ መስጊድና ቤተ ክርስቲያን የሚጎራበቱበት ነው፤ ቦታው የማን ነው የሚለው ጥያቄ አስቀድሞም ይነሣ ነበር። እንደ ገና መሬት! ሰው ሦስት መቶ ሃምሳ ዓመት አብሮ ከኖረ በኋላ ሬሳውን በሰላም የሚያሳርፍበት መሬት ሊያጣ አይገባም። የመቃብርን ወሰን መለየት የከተማው የመሬት ጽሕፈት ቤት፣ የሁለቱ ወገን ሽማግሌዎችና አንድ ቀያሽ የሚጨርሱት ሥራ ነው። የሟቾቹ ልጆች በዚያው ከተማ ይኖራሉ፤ ቅዳሜ ገበያ ይወጣሉ፤ የሚጠብቁትም ይህንኑ ነው።