አስናቀች ክራሯን ስታነሳ

ስሙኝማ! ጋቢያችሁን ሰብሰብ አድርጋችሁ ወደ እሳቱ ጠጋ በሉ፤ የጉና ብርድ ምሕረት አያውቅም። የዛሬው ወሬዬ የንጉሥ አይደለም። የመይሳውን የአፄ ቴዎድሮስንና የጋፋትን መድፍ ታሪክማ እናንተ የደብረ ታቦር ልጆች ከኔ በላይ ታውቁታላችሁ። ዛሬ የማወጋችሁ በመድረክ ስለቆመች፣ ክራር ስለደረደረች፣ ግጥሟንም ከራሷ ልብ ስለምታወጣ ሴት ነው፤ ስለ አስናቀች ወርቁ።

«የአዲስ አበባ ልጅ አይደለችም ወይ? ከኛ ጋር ምን አገናኛት?» የሚል አይጠፋም። አዎ፣ ተወልዳ ያደገችው አዲስ አበባ ነው። ሙያዋን ግን ከፋርጣና ከጋይንት ሰው የተሻለ ማን ይረዳዋል? አዝማሪ ምን እንደሆነ ለበጌምድር ሰው አይነገርም።

የሠርግ ዳስ አስቡ። አዝማሪው ማሲንቆውን አስተካክሎ ከወዲህ ወዲያ ይላል፤ ሚስቱ አጠገቡ ሆና ታዜማለች፣ ታጨበጭባለች። አንዱ ጎረምሳ ጠላውን ጨለጥ አድርጎ «ተቀበል!» ይላል፤ ስንኝ ይወረውራል። አዝማሪው ይቀበለዋል፣ በዜማ አዙሮ ለሕዝቡ ይሰጣል፤ ሚስቱም የራሷን ትጨምርበታለች፤ ብዙ ጊዜ ከሁሉም የሚነድፈው የሷው ነው። ሲነጋ ዳሱ ይፈርሳል። ግጥሙን ሰው ሁሉ ይዞት ይሄዳል፤ የሴቲቱን ስም ግን የሚጠይቅ የለም። ይባስ ብሎ በማግስቱ «አዝማሪ» ብሎ ይሰድባታል። ይህ ነገር ሁልጊዜ ይከነክነኛል። በጣሊያን ወረራ ዘመን አዝማሪ ሕዝቡን በግጥም ለአርበኝነት ቀስቅሷል ተብሎ ተገድሏል እኮ! ጠላት የፈራውን አፍ እኛ ናቅነው።

እንግዲህ አስናቀች ወደ አደባባይ የወጣችው በዚህ ንቀት መሐል ነው። ያኔ በቴአትር ሴት ብትፈለግ ወንድ ነበር ቀሚስ ለብሶ፣ ሻሽ አስሮ፣ ድምፁን አቅጥኖ የሚጫወተው። የጨዋ ልጅ ሰው ፊት ቆማ ልታለቅስ፣ ልትስቅ፣ «እወድሃለሁ» ልትል? የማይታሰብ! አስናቀች በ1940ዎቹ አጋማሽ መድረክ ላይ ወጣች። ከመጀመሪያዎቹ ሴት ተዋንያን አንዷ ናት፤ የመጀመሪያዋ እሷ ናት የሚሉም ብዙዎች ናቸው። ደረጃውን ማከራከር የሚፈልግ ያከራክር፤ ለኔ የሚበልጥብኝ የስድቡን ብዛት እያወቀች መውጣቷ ነው።

በ1948 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር በመኰንን እንዳልካቸው ተውኔት «ዳዊትና ኦርዮን» በሩን ከፈተ። ዛሬ ብሔራዊ ቴአትር የምንለው ነው። አስናቀች ብዙውን የሙያ ዘመኗን ያሳለፈችው እዚያ ነው፤ ትተውናለች፣ ትዘፍናለች፣ ክራር ትጫወታለች። በአለባበሷና በጸጉር አሠራሯም የከተማው ሴቶች ዓይን እሷ ላይ ነበር።

አሁን ወደ ክራሩ እንምጣ፤ እዚህ ላይ ትንሽ ታገሱኝ። አባቶቻችን በገናን ለእግዜር፣ ክራርን ለሰይጣን ሰጥተው አካፈሉት። በገናው የጸሎት፣ ክራሩ የፍቅርና የመሸታ ቤት ሆነ። ዕቃውን ቀርባችሁ ስታዩት ግን ኃጢአት የሚገባበት ቦታ የለውም፦ በቆዳ የተለበጠ ገበቴ፣ ሁለት ምሰሶ፣ በላያቸው የተጋደመ ቀንበር፣ ከዚያ አምስት ወይ ስድስት ክር። ክሩ ከቀንበሩ ላይ እየተጠመዘዘ ይቃኛል። ግራ እጅ ከክሮቹ ጀርባ ገብቶ የማይፈለገውን ድምፅ ያፍናል፤ ቀኝ እጅ የሚፈለገውን ያናግራል። ከትዝታ ቅኝት ወደ ባቲ፣ ከባቲ ወደ አምባሰል ለመሻገር ክሩን እንደገና ማጥበቅና ማላላት ያስፈልጋል፤ አድማጭ ደግሞ መጠበቅ አይወድም። ያንን ዝምታ በቃሏ የምትሞላ ሴት ናት እንግዲህ ባለሙያ የምትባለው።

አስናቀች እንዲያ ነበረች። ያዩዋት ሲናገሩ፣ ስንኙን እዚያው ትፈጥረው ነበር። ፊት ለፊቷ የተቀመጠውን ሰው አይታ፣ የዕለቱን ኀዘኗን ወይ ቁጣዋን ጨምራ ትገጥማለች። የከዳትን ወዳጅ ስትወቅስ ድምፅዋን ከፍ አታደርግም፤ ዝቅ አድርጋ፣ ቃሉን አስረዝማ ትለቀዋለች። ተዋናይነቷ የሚገለጥልኝ እዚህ ነው። ለአንዲት ስንኝ መቼ ፊት እንደሚሰጥ፣ መቼ ዓይን እንደሚሰበር የተማረችው ከመድረክ ነው፤ ዘፈኗን የሚሰማ ሰው ተውኔት ያያል። ዘፋኟንና ተዋናይቷን ለያይቶ የሚጽፍ ሰው ግማሿን አስቀርቷል ባይ ነኝ።

በ1990ዎቹ አጋማሽ ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ ድሮ የቀዳቻቸውን ዘፈኖች ሰብስቦ «ኢትዮፒክስ» በተባለው ተከታታይ 16ኛ አልበም አድርጎ አወጣላት። ከባንድ ጋጋታ ለብቻዋ ወጥታ፣ በክራሯ ታጅባ፣ አማርኛ የማያውቅ ሰው ሳይቀር አደመጣት። ራሔል ሳሙኤል ደግሞ «አስኒ» የተባለ ዘጋቢ ፊልም ሠራችላት። ፊልሙ ሲሠራ አስናቀች ታማለች፣ አርጅታለች፤ ያ የቃሏ ስለት ግን ከሷ ጋር ነበር። በመስከረም 2004 ዓ.ም. አረፈች።

እኔን የሚያንገበግበኝ ያልተቀዳው ነው። እዚያው ተፈጥሮ፣ እዚያው ተጨብጭቦለት፣ ከሰሚዎቹ ጋር ያለፈው የስንት ምሽት ግጥሟ! እኛስ ዘንድ? ስማዳ፣ እስቴ፣ እብናት፣ ሊቦ ከምከም በየጥር ወሩ ሠርግ ስንት የአዝማሪ ሚስት ስንኝ አውጥታ ይሆን? ያኔ መቅጃ አልነበረንም ብንል ያስኬዳል። ዛሬ ግን በሁላችሁም ኪስ ውስጥ ስልክ አለ። በመጪው ጥር ዳስ ስትገቡ ሙሽሮቹን ብቻ አትቅረጹ። አዝማሪው ጎን ወደተቀመጠችው ሴት ዞር በሉ፣ የምትለውን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ቅዱ። ከዚያም ጠጋ ብላችሁ «እመዋ፣ ስምዎ ማን ይባላል? አገርዎስ ወዴት ነው?» በሏት፤ መልሷንም በራሷ ድምፅ ከግጥሟ ጋር አስቀምጡት።