የመደገፊያው ዕዳ

አንድ ጓደኛ አለኝ፤ ሰው ቤት ሲገባ ሰላምታ ከመስጠቱ በፊት ግድግዳ የሚዳስስ። አራት ኪሎ አብረን ተምረናል። እኔ ጠመኔ ይዤ ቀረሁ፤ እሱ ሎስ አንጀለስ ወርዶ ብሩሽ ያዘ። ከሠላሳ ዓመት በላይ የሰው ቤት ቀለም ሲቀባ ኖሯል። በ2016 ዓ.ም. ክረምት ልጠይቀው ሄጄ ሳለ፣ «ና አንዲት አሮጊት ላስተዋውቅህ» አለኝ። ዘመድ መስላኝ ሸሚዝ ቀይሬ ወጣሁ። ለካስ ሎንግ ቢች ወደብ ላይ ከ1967 ጀምሮ ታስራ የምትኖረውን «ኩዊን ሜሪ» የተባለች መርከብ ማለቱ ኖሯል። (ከዚህ በኋላ ዓ.ም. ያላልኩበት ዓመት ሁሉ የፈረንጅ ነው።)

ላይኛው ወለል ላይ ወጥተን ወደ ባሕሩ ዞረን ቆምን። እኔ ባሕሩን አያለሁ፤ እሱ የተደገፍንበትን እንጨት ያያል። በአውራ ጣቱ ጥፍር ጫር አደረገው። አሸተተው። አንገቱን አዘንብሎ ብርሃኑ እንዴት እንደሚያርፍበት ተመለከተ።

«ይኼ ስንት እጅ ቫርኒሽ የጠጣ ይመስልሃል?» አለኝ።

«እኔ ምን አውቄ።»

«ከስድስት አያንስም። በየመሐሉ ደግሞ ብርጭቆ ወረቀት አለ። ሰው የሚያየው የመጨረሻዋን እጅ ብቻ ነው።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ የመርከብ መደገፊያ ነገር አእምሮዬ ውስጥ ገብቶ አልወጣ አለ። ወደብ የሌለው አገር ሰው ስለ መርከብ በረንዳ ምን አገባው ትሉኝ ይሆናል። እውነት ነው፤ ብዙም አያገባኝም። ግን የዚህች መርከብ የልደት ቀን እኛንም ትንሽ ይነካል። «ኩዊን ሜሪ» የመጀመሪያ ጉዞዋን ከሳውዝሃምፕተን ወደብ የጀመረችው ግንቦት 19 ቀን 1928 ዓ.ም. ነው። በሳምንቱ፣ ግንቦት 26፣ አገራቸውን ጣሊያን የወሰደባቸው ጃንሆይ «ኦርፎርድ» በምትባል መርከብ እዚያው ሳውዝሃምፕተን ደረሱ። አንደኛው መርከብ እንግሊዝ በሀብቷ ስትኩራራ፣ ሌላው ስደተኛ ንጉሥ ሲያራግፍ ማለት ነው። ጃንሆይ የመርከቡን መደገፊያ ይዘው ወደቡን አይተው ይሆን እያልኩ አስባለሁ። የሥነ ጽሑፍ አስተማሪ የነበረ ሰው ክፉ አመል ነው፤ ሰነድ ያለቀበት ቦታ ላይ ሐሳቡን ይጀምራል።

ወደ እንጨቱ ልመለስ። ቲክ ይባላል። እኛ ለዕቃ ሥራ ዋንዛን እንደምናከብረው፣ መርከበኛ የሚያከብረው እንጨት ይህ ነው። ቅባት አለው፤ ውሃ ቶሎ አያስገባም፣ ምስጥም እንደልቡ አያገኘውም። አውሮጳውያን ይኮሩበት የነበረው ኦክ በውስጡ ባለው አሲድ ሚስማርንና ብረትን ይበላል፤ ቲክ ግን ከብረት ጋር ተስማምቶ ይኖራል። ብረት ለለበሰ መርከብ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ዝነኛው ቲክ የሚበቅለው ደግሞ በርማ ነው።

እዚህ ላይ ነው ታሪኩ የሚጎመዝዘው። በ1885 የበርማው ንጉሥ የቲባው መንግሥት፣ የቦምቤይ በርማ ንግድ ኩባንያ የተባለውን የእንግሊዞች ድርጅት፣ ከቆረጥከው ግንድ የሚገባንን ቀረጥ አጉድለሃል ብሎ ከባድ መቀጫ ጣለበት። እንግሊዞች ያንን ሰበብ አድርገው ኅዳር ላይ ዘመቱ። እርግጥ ነገሩ የእንጨት ብቻ አልነበረም፤ ፈረንሳይ ቀድማ እንዳትገባ የሚል ሥጋትም ነበረበት። በሁለት ሳምንት ገደማ ዋና ከተማው ማንዳላይ ወደቀ፤ ንጉሡም ወደ ሕንድ ተጋዘ። ጣሊያን ምጽዋን የያዘችው በዚያው በ1885 መሆኑን ሳስታውስ፣ ያ ዓመት ለብዙ ንጉሥ መጥፎ ዓመት ነበር እላለሁ። አሮጌ የእንግሊዝ መርከብ ላይ ክርናችሁን ስታሳርፉ ከሥሩ አንድ የፈረሰ መንግሥት ሊኖር ይችላል።

አሁን ደግሞ የጓደኛዬን ሙያ ልንካ። ቲክ ምንም ሳይቀባ ሊኖር ይችላል። ፀሐይና ጨው ሲፈራረቁበት ቀለሙ ወደ ብር ግራጫ ይዞራል እንጂ በቀላሉ አይበሰብስም። የድሮ መርከበኞች ወለሉን ተንበርክከው በድንጋይና በአሸዋ ይፈትጉት ነበር፤ በቃ። ቫርኒሹ የመጣው ለእንጨቱ ሳይሆን ለተመልካቹ ነው። ብዙ ገንዘብ ከፍሎ የተሳፈረ ሰው ግራጫ እንጨት ሲያይ «ይኼ ነገር ጠባቂ የለውም» ይላል። ማር የመሰለ የሚያብለጨልጭ መደገፊያ ይፈልጋል። ያንን ማር የሚያስመስለው ቅብ ደግሞ ዕድሜው አጭር ነው። የፀሐይ ጨረር ቅቡን ሰንጥቆ እስከ እንጨቱ ይዘልቃል፤ ከሥሩ ያለው የእንጨቱ ፊት ይሞታል፤ ቅቡ ይለቃል፤ በስንጥቁ ውሃ ይገባል፤ ጥቁር ነጥብ ይታያል። ያኔ ሁሉንም ፍቆ እንደ አዲስ መጀመር ነው።

አንድ ሒሳብ እንሥራ። አንድ መርከብ ሺህ በረንዳ ቢኖራት፣ የእያንዳንዱ መደገፊያ ሦስት ሜትር ቢሆን፣ ሦስት ኪሎ ሜትር እንጨት ነው። ስድስት እጅ ሲቀባ ብሩሹ አሥራ ስምንት ኪሎ ሜትር ይሄዳል። የብርጭቆ ወረቀቱን አልቆጠርኩም። ለዚያውም በረንዳው ውስጥ ተከራይ አለ፤ የቫርኒሽ ሽታ አይወድም፣ የሚፍቅ ሰው መስኮቱ ላይ ማየት አይፈልግም። ስለዚህ ሥራው የሚሠራው እንግዳው ለሽርሽር ሲወርድ ነው። ሠራተኛው እንዳይታይ፣ ሥራው ግን እንዲታይ ይፈለጋል። ይህን ስነግረው ጓደኛዬ ሳቀብኝ። «አንተ አሁን ገና ሰማኸው። እኔ ሠላሳ ዓመት የኖርኩት እንደዚያ ነው» አለ።

እንግዲህ እንጨቱ ይህን ያህል ካስቸገረ ለምን አይጣልም? የጣለው ሰው ነበረ። በመስከረም 1934 «ሞሮ ካስል» የተባለች መርከብ በአሜሪካ ኒው ጀርሲ ዳርቻ ተቃጥላ ከ130 በላይ ሰው አለቀ። ውስጧን ያሳመረው በቅብ የተወለወለ እንጨት እሳቱን ከክፍል ወደ ክፍል አቀባበለው። ዊልያም ፍራንሲስ ጊብስ የሚባለው አሜሪካዊ የመርከብ ነዳፊ እሳትን እንደ ግል ጠላት የሚያይ ሰው ነበር። በ1952 ባሕር ላይ ያዋላት «ዩናይትድ ስቴትስ» የተባለች መርከብ ከሥጋ መክተፊያውና ከፒያኖው በቀር እንጨት የለባትም እየተባለ ይወራላት ነበር። የላይኛው አካሏ በሙሉ አሉሚኒየም ነው። ቫርኒሽ አትጠይቅም፤ እንደ ክብሪት አትነድም። በመጀመሪያ ጉዞዋ አትላንቲክን በፍጥነት የማቋረጡን ክብር ከዚችው ከ«ኩዊን ሜሪ» ነጠቀች።

ሁለቱም በአውሮፕላን ተሸነፉ። እንጨታሟ በ1967፣ እንጨት የለሿ በ1969 ከሥራ ወጡ። ከዚያ ወዲህ የሆነውን ሳስብ ይገርመኛል። እንክብካቤ የማትፈልገው መርከብ ዕቃዋ ተሸጦ፣ ውስጧ ተራቁቶ፣ ከ1996 ጀምሮ ፊላደልፊያ ወደብ ላይ ቀለሟ እየተላጠ ኖረች። በ2025 መጀመሪያ ላይ፣ ፍሎሪዳ ዳርቻ ሰጥማ የዓሣ መጠጊያ እንድትሆን ተወስኖ ተጎትታ ወጣች። በየጊዜው ቀቡኝ፣ ፋቁኝ የምትለው አሮጊት ደግሞ ሆቴል ሆና ሰው ያድርባታል። በእርግጥ እሷም አልተመቻትም። በ2017 ለከተማው የቀረበ ጥናት ጥገናዋ እስከ 289 ሚሊዮን ዶላር ሊፈጅ እንደሚችል ገምቷል፤ በ2020 ተዘግታ በ2023 ነው ለጎብኚ የተከፈተችው። ሎንግ ቢች የፈለገው መርከብ ከሆነ ርካሽ መርከብ ሞልቶ ነበር። የከፈለው ለዚያ እንጨት ይመስለኛል።

የዛሬዎቹ የመዝናኛ መርከቦች ጉዳይ ግን ሌላ ነው። ድሮ የግል በረንዳ የጥቂት ሀብታሞች ነበር። በ1935 የወጣችው የፈረንሳይ «ኖርማንዲ» እጅግ ውድ ለሆኑ ክፍሎቿ ብቻ ነበር የራሳቸው ሰገነት የሰጠቻቸው። በ1984 «ሮያል ፕሪንሰስ» የተባለች መርከብ ካቢኖቿን ሁሉ ወደ ውጭ የሚያዩ አድርጋ፣ ብዙዎቹን ባለ በረንዳ አድርጋ መጣች። ከዚያ በኋላ በረንዳ የሌለው ካቢን እንደ ጓዳ ይታይ ጀመር። መርከቡ ከሩቅ ሲታይ ኮንዶሚኒየም መሰለ። በረንዳው ሲበዛ የመደገፊያው ዕዳም በዛ። ባለቤቶቹም የሚያምር፣ ግን ማንም የማይጠብቀው ነገር ፈለጉ።

የማይዝገው ብረት መጣ። ግን የማይዝግ የሚባለውም ባሕር ላይ ቡናማ እድፍ ያወጣል። የሙያው ሰዎች «የሻይ እድፍ» ይሉታል፤ በጣፋጭ ውሃ ካልታጠበ ይብሳል። አሉሚኒየም መጣ፤ ክብደቱ የብረት ሲሶ ነው፣ ለረጅም መርከብ አናት የሚመች ነው። እሱ ደግሞ ከሌላ ብረት ጋር በጨው ውሃ ሲገናኝ ይበላል፤ በመሐላቸው መለያ ነገር መግባት አለበት። መስታወት መጣ፤ ተቀምጦ ቡና የሚጠጣ ሰው ባሕሩን ያይበታል፤ ግን ጨው ይጋገርበትና ሁልጊዜ መወልወል ያሻዋል። ከላይ እንጨት የሚመስል ቀለም የተጋገረበት አሉሚኒየምም አለ። ይህንን ስነግረው ጓደኛዬ ፊቱን አጨማደደ። እኔ ግን አልፈርድበትም፤ ሦስት ኪሎ ሜትር ቫርኒሽ ቀልድ አይደለም።

የምፈርደው ፕላስቲኩ ላይ ነው። መጋቢት 23 ቀን 2006 ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ካለፈ በኋላ «ስታር ፕሪንሰስ» የተባለች መርከብ ወደ ጃማይካ ስትጓዝ አንድ በረንዳ ላይ እሳት ተነሣ። የእንግሊዝ የባሕር አደጋ መርማሪዎች እንዳሉት መነሻው ሳይጠፋ የተጣለ ሲጋራ ሳይሆን አይቀርም። የበረንዳዎቹ መለያ ግድግዳ ፕላስቲክ ነበር። ወለሉ ላይ የተነጠፈውም ፕላስቲክ፣ ወንበሩም ፕላስቲክ። ሁሉም ቀላል፣ ሁሉም የማይበሰብስ፣ ቀለም የማይጠይቅ። በአሥር ደቂቃ ውስጥ እሳቱ ከበረንዳ ወደ በረንዳ እየዘለለ ሁለት ፎቅ ወደ ላይ ወጣ። በረንዳዎቹ ላይ እሳት የሚያስጠነቅቅም ሆነ ውሃ የሚረጭ መሣሪያ አልነበረም፤ ሕጉ በረንዳን እንደ ደጅ እንጂ እንደ ቤት አይቆጥረውም ነበርና። ሰባ ዘጠኝ ካቢኖች ከጥቅም ውጭ ሆኑ። ሌሎች ከሁለት መቶ በላይ ተጎዱ። አንድ መንገደኛ በጭሱ ሞተ።

ሊዝናና ተሳፍሮ የሞተው ያ ሰው ስለ መለያው ግድግዳ ምንነት አልተጠየቀም። እኔም ብሆን አልጠይቅም ነበር። በረንዳዬ ቢያምር፣ ወንበሬ ቢመች ይበቃኝ ነበር። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ዓለም አቀፉ የባሕር ደኅንነት ሕግ ተሻሻለ፤ ከሐምሌ 1 ቀን 2008 ጀምሮም በረንዳ ላይ ያለው ዕቃ በቀላሉ የማይነድ እንዲሆን፣ አለዚያ ማስጠንቀቂያና ውሃ መርጫ እንዲገባለት ግዴታ ሆነ።

ሌላም ሕግ መጣ። የድሮ መርከብ ዝቅ ያለ መደገፊያ ቁንጅና አለው፤ ፎቶ ላይ ሴቶቹ ኮፍያቸውን ይዘው በወገባቸው ይደገፉበታል። በ1966ቱ ስምምነት መሠረት ቢያንስ አንድ ሜትር ይበቃ ነበር። በ2010 አሜሪካ ከወደቦቿ ለሚነሡ የመዝናኛ መርከቦች አርባ ሁለት ኢንች፣ ማለት መቶ ሰባት ሳንቲ ሜትር ያህል ይሁን አለች። ሰባት ሳንቲ ሜትር ምን ታደርጋለች የሚል ሰው፣ የጠጣ ወይም ያዘነ ሰው ሌሊት መደገፊያ ላይ ሲያጎነብስ አላየም።

ዛሬ አዲስ ቲክ ልግዛ የሚልም ነገሩ አልቀለለትም። በ2021 በርማ (አሁን ምያንማር) ውስጥ ወታደሩ ሥልጣን ከያዘ በኋላ አሜሪካና የአውሮጳ ኅብረት በመንግሥቱ የእንጨት ድርጅት ላይ ማዕቀብ ጣሉ። የቲባው እንጨት ዛሬም የወታደር ገንዘብ ነው። እኔን ቢጠይቁኝ (ማንም አይጠይቀኝም) እንጨት እጅ የሚያርፍባት ላይኛዋ ጠርዝ ላይ ብቻ ይሁን እላለሁ፤ የቀረውን ብረትና መስታወት ይቻለው። ላይኛዋም ሳትቀባ ግራጫ ትሁን። ግራጫው ያስጠላው መንገደኛ ካለ ወደ ባሕሩ ይመልከት።

ይህን ሐሳቤን ለጓደኛዬ የነገርኩት ከመርከቡ ልንወርድ ስንል ነው። አልመለሰልኝም። ወደዚያ መደገፊያ ተመልሶ ሄደ። ቅድም በጥፍሩ የጫራት ቦታ ላይ ቀጭን ነጭ መስመር ቀርታ ነበር። አውራ ጣቱን ምራቅ ነክቶ ቀስ ብሎ አሻት፣ በመሐረቡ ጠረጋት፣ ጎንበስ ብሎ አያት።

«ጫርኩባቸው እኮ» አለኝ፣ እንደ ልጅ ደንግጦ። ዞር ብሎ ሰው እንዳላየው አረጋገጠና እንደገና ማሸት ጀመረ።