«ጦጣ በል» የተባለው ንስር

የፊሊፒንስን ታላቅ ንስር የአውሮጳ ሊቃውንት ያወቁት ዘግይተው ነው። እንግሊዛዊው የአዕዋፍ ተመራማሪ ጆን ኋይትሄድ በ1896 (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮጳ አቆጣጠር ናቸው) በሳማር ደሴት ሳለ፣ ጁዋን የተባለ አገልጋዩ አንዱን ተኩሶ ጣለለት። ቆዳው ለንደን እንደ ደረሰ ኦግልቪ ግራንት የተባለ ሊቅ መርምሮ «ፒቴኮፋጋ ጄፈሪ» ሲል ሰየመው። የመጀመሪያው ቃል በግሪክኛ «ጦጣ በል» ማለት ሲሆን፣ ሁለተኛው የጉዞውን ወጪ የሸፈነው የኋይትሄድ አባት የጄፈሪ መታሰቢያ ነው።

ስያሜው የተመሠረተው የሳማር ሰዎች በነገሩት ወሬ ላይ ነበር። ወሬው ፈጽሞ ሐሰት አይደለም፤ ንስሩ ጦጣም ይበላል። ይሁን እንጂ በ1970ዎቹ ዓመታት በሚንዳናው ደሴት ጎጆዎቹን በመከታተል በተደረገው ጥናት ዋነኛ ምግቡ ሌላ ሆኖ ተገኘ፤ ይኸውም በእግሮቹ መካከል በተዘረጋው ቆዳ እየተንሳፈፈ ከዛፍ ወደ ዛፍ የሚሻገረው ኮሉጎ የተባለ እንስሳ ነው። ከእርሱ ቀጥሎ ዛፍ ላይ የሚኖር የጥርኝ ዘመድ ይገኛል።

ለወፍ ስሙ ምን ያደርግለታል፣ ምንስ ይጎዳዋል ይባል ይሆናል። ነገር ግን ቁመቱ አንድ ሜትር፣ የክንፎቹ ስፋት ሁለት ሜትር የሚደርስ፣ በዚያም ላይ «ጦጣ በል» የተባለ አሞራ ለአራዊት ማሳያ ስፍራዎችና ለግድግዳ ጌጥ ተፈላጊ መሆኑ አያስደንቅም። ፊሊፒናዊው ሊቅ ዲዮስኮሮ ራቦር በ1965 የመጥፋቱን አደጋ ለዓለም አስታወቀ፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላም ዝነኛው አሜሪካዊ አብራሪ ቻርልስ ሊንድበርግ ድምፁን አከለበት። በ1970 ንስሩን የሚጠብቅ ሕግ ወጣ፤ ሆኖም ሕጉ ራሱ የሚጠራው በአሮጌው ስም ነበር። «የፊሊፒንስ ንስር» እንዲባል የታወጀው በ1978 ነው፤ በ1995 ደግሞ የአገሪቱ ብሔራዊ ወፍ ሆነ።

ክብሩ ከፍ ሲል ደኑ ግን እየተጨፈጨፈ ነበር። አንድ ጥንድ በሁለት ዓመት አንድ እንቁላል ብቻ ይጥላል፤ ስለሆነም አንድ ጥይት የሚያደርሰውን ጉድለት ለመተካት ረጅም ዘመን ያስፈልጋል። በ1992 በዳቫዎ የእርባታ ጣቢያ በሰው ሠራሽ ዘዴ ከተፀነሰ እንቁላል የመጀመሪያው ጫጩት ተፈለፈለ፤ ስሙም «ፓግ አሳ»፣ ማለትም ተስፋ ተባለ። በ2004 በጣቢያው ተወልዶ ወደ ደን የተለቀቀው የመጀመሪያው ንስር «ካባያን» ግን ዓመት ሳይሞላው በኤሌክትሪክ ተመቶ ሞተ። በ2008 የተለቀቀ ሌላ ንስር በወራት ውስጥ አንድ ገበሬ ተኩሶ ገደለው፤ ሥጋውም ተበላ። ፓግ አሳ እስከ 2021 ኖሮ በ28 ዓመቱ አረፈ።

በ2023 የወጣ ጥናት በዱር የቀሩትን 392 ጥንዶች አድርጎ ገምቷል። አብዛኞቹ የሚገኙት በሚንዳናው ነው፤ ጁዋን በተኮሰባት በሳማር ያሉት ጥቂት ናቸው።